ጅቡ ከሄደ በኋላ

«ይሄ ሲኒ በረኪና በረኪና ይሸታል» አለች እህቴ።

ቡና ላይ ነበርን። ቶናው ተቀድቷል። እማዬ ፍሙን መቆስቆስ ጀመረች። እኔ ስልኬን አወጣሁ። ማናችንም መልስ አልሰጠናትም። እህቴ ሲኒውን ደግማ አሸተተችው። ከዚያ ቀስ ብላ ረከቦቱ ላይ መለሰችው። አልጠጣችም።

ሲኒውን በረኪና ውስጥ ያሳደርኩት እኔ ነበርኩ። ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ነገሩ ግን አልለቀቀኝም። ሌሊት ሌሊት ይመጣል። እስቲ ልጻፈውና ይውጣልኝ ብዬ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት።

አንፊት

እህቴ ዱባይ ልትሄድ ነበር። ፓስፖርቱ ወጥቷል፣ ሥልጠናው አልቋል፣ የቀረው ሜዲካል ብቻ ነው። የ24 ዓመት ልጅ ናት። ጉንፋን እንኳን አይደፍራትም። ደም ሰጠች፣ ሽንት ሰጠች፣ ራጅ ተነሣች፣ መጣች። በሦስተኛው ቀን የኤጀንሲው ልጅ ደወለ። «አንፊት ብለዋታል» አለ፤ ጤናዋ ለጉዞ ብቁ አይደለም ማለቱ ነው።

የአረብ አገር መንገድ የጀመረ ሰው ይህችን ቃል አሳምሮ ያውቃታል። ሌላ እንግሊዝኛ የማያውቅ ሰው እንኳን እሷን ያውቃታል።

ወረቀቱ ላይ «ኤችሲቪ» ከሚለው ትይዩ «ሪአክቲቭ» ተብሎ ተጽፏል። ምን ማለት እንደሆነ መስኮቱ ጋ ያለችውን ልጅ ጠየቅናት። «የጉበት ቫይረስ ነው፣ ሲ የሚባለው። ሐኪም ጋ ሂዱ» አለችን። ከዚያ ቀጣዩን ተራ ጠራች። በቃ፣ ያገኘነው ምክር ይኸው ነው።

እማዬ በታክሲው ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ቤት ስንደርስ የእህቴን የዓይን ቆብ ገልብጣ አየች። ነጭ ነው። የወፍ በሽታ ቢሆን ዓይኗ ቢጫ ይሆን ነበር። ይህ ግን ጭራሽ አላጽናናትም፤ የማይታይ በሽታ ይበልጥ አስፈራት። በማግስቱ ከየት እንዳመጣችው የማላውቀውን ቅጠል ወቅጣ፣ በጥብጣ አጠጣቻት። እህቴን ሁለት ቀን ሙሉ አስመለሳት።

እኔስ? እኔ ቤቱ ውስጥ የተማርኩ የምባለው ሰው ነኝ። ሌሊቱን ስልኬ ላይ አፍጥጬ አደርኩ። ሄፓታይተስ ሲ በምግብ አይተላለፍም። በውኃ አይተላለፍም። አብሮ በመብላት፣ በአንድ ሲኒ በመጠጣት፣ በመተቃቀፍ አይተላለፍም። ደም ከደም መገናኘት አለበት። ይህንን በሦስት የተለያየ ቦታ አነበብኩ። ሦስቱም አንድ ነገር ነው የሚሉት። አንብቤ ስጨርስ ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ። ማታ የጠጣችበትን ሲኒ ፈለግሁ። ጠርዙ ሸረፍ ያለ ስለሆነ ለመለየት አላስቸገረኝም። ጣሳ ውስጥ በረኪና ቀዳሁና ነከርኩት።

ከዚያም በኋላ እጄን በሳሙና ታጠብኩ።

ለራሴ ያልሰጠሁት ሰበብ የለም። «ለጥንቃቄ ነው» አልኩ። «ለእማዬ ብዬ ነው፣ ዕድሜዋ ገፍቷል» አልኩ። ውሸት ነው። ፈርቼ ነው። የፈራሁት ደግሞ ከእኔ ጋር አንድ ምንጣፍ ላይ ያደገችውን ልጅ ነው። ስለ እማዬ ቅጠል ለጓደኞቼ እየሳቅሁ አውርቻለሁ። ስለ በረኪናው ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። እማዬ ያነበበችው ነገር የለም። እኔ ሦስት ጊዜ አንብቤ ነው።

ውሻው ጮኸ

ከሲኒው ነገር አራት ቀን በኋላ የጉበት ስፔሻሊስት ጋ ሄድን። እማዬም «አልቀርም» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። ዶክተሯ ወጣት ናቸው። ወረቀቱን አዩት። ገልብጠው ጀርባውን አዩት። «ይሄ ብቻ ነው የሰጧችሁ?» አሉ።

ከዚያ ጥያቄው ጀመረ። ደም ተሰጥቶሽ ያውቃል? ቀዶ ጥገና? ንቅሳት አለሽ? ሰፈር ውስጥ መርፌ ተወግተሽ ታውቂያለሽ? እንጥል ተቆርጠሻል? ጫት ትቅሚያለሽ? የባህል መድኃኒት ወስደሻል? እዚህ ላይ እማዬ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ለወፍ በሽታ ብዬ ትንሽ ነገር ሰጥቻታለሁ» አለች። ዶክተሯ አልተቆጡም። «እናቴ፣ ወደ ሆድ የገባውን ሁሉ የሚያጣራው ጉበት ነው። ቅጠሉንም የሚያጣራው እሱው ነው» አሉ፤ ከዚያ ወደ ጥያቄያቸው ተመለሱ።

ጥያቄው ሁሉ ምን ያደርጋል ብዬ ነበር ያኔ። በኋላ ነው የገባኝ። ጉበት ብዙ ጠላት አለው። ትግራይ ውስጥ በታህታይ ቆራሮ ወረዳ ሆድ እየነፋ ሰው የሚገድል የጉበት በሽታ ተነሥቶ ነበር። ቫይረስ አልነበረም። ተመራማሪዎቹ በዋናነት የጠረጠሩት ከእህል ጋር የሚቀላቀል አረም ውስጥ ያለን መርዝ ነው። ሐረር ውስጥ ደግሞ 150 የጉበት ሕሙማንን ከ300 ሌሎች ሰዎች ጋር ያነጻጸረ ጥናት በ2018 ታትሟል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ጫት አዘውትረው በሚቅሙ ሰዎች ላይ የጉበት በሽታ በርትቶ ተገኝቷል። ዶክተሯ የሚጠይቁት ለወሬ አልነበረም።

ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኛ አዞሩት።

«ይሄ ምርመራ ቫይረሱን አላየም» አሉ። «ያየው ሰውነትሽ ቫይረሱን ሊዋጋ ያዘጋጀውን ነገር ነው። አንቲቦዲ እንለዋለን። ቫይረሱ ከሰውነት ቢጠፋም አንቲቦዲው ይቀራል። ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልክ።» ከዚያ ወደ እማዬ ዞሩ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል የለ፣ እናቴ? ይሄ ወረቀት ውሻው እየጮኸ ነው ይላል። ጅቡ ግቢው ውስጥ ይኑር ወይም ይሂድ፣ ወረቀቱ አያውቅም።»

እማዬ ከቤት ከወጣን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «እና ሄዶ ሊሆን ይችላል?»

«ይችላል። ከተያዙ 100 ሰዎች ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ያለ ምንም መድኃኒት በስድስት ወር ውስጥ ያጸዱታል። በቀሩት ላይ ነው ሥር የሚሰደው። ሥር ከሰደደባቸው ውስጥ ደግሞ ከመቶ ከ15 እስከ 30 የሚሆኑት በ20 ዓመት ውስጥ ጉበታቸው በጠባሳ ሊሞላ ይችላል። ሲሮሲስ የሚባለው እሱ ነው።» ትንሽ ዝም አሉና ጨመሩ። «ውሻ በጥላም ይጮሃል። ምንም ሳይኖር ሪአክቲቭ የሚያወጣበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ጅቡን ራሱን የሚፈልገውን ምርመራ እንሠራለን። ቢገኝም አትደንግጡ፣ ዛሬ መድኃኒት አለው። ክኒን ነው፣ ብዙ ጊዜ 12 ሳምንት። ከ100 ከ95 በላይ የሚሆኑት ይድናሉ።»

እህቴ ማልቀስ የጀመረችው እዚህ ላይ ነው። ስትወድቅ አላለቀሰችም፤ ይድናል ሲባል አለቀሰች።

እኔ ደግሞ ምላሴን ወደ ጉሮሮዬ ልኬ እየዳሰስኩ ነበር። እንጥል ተቆርጠሻል ሲሏት አንድ ነገር ትዝ ብሎኛል። እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስም ያልነበረው

ደሟ ለቫይረሱ ምርመራ ተላከ። ውጤቱ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ፈጀ። በዚያ ጊዜ የማይረባ ነገር ማንበቤን ትቼ ደህና ደህናውን ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ጥያቄ ነበረችኝ። ውሻውን እንጂ ጅቡን የማያይ ምርመራ መጀመሪያ ነገር ማን ሠራው? ለምን?

ነገሩ የሚጀምረው ከደም ነው። በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ደም የተሰጣቸው ሰዎች ጉበታቸው ይታመም ነበር። ሄፓታይተስ ቢ ነው ተባለ። የቢ ምርመራ መጣ፣ ብዙዎቹ የሉበትም። በ1973 ኤ ተገኘ። እሱም አይደለም። ሃርቪ ኦልተር የሚባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ1975 ይህንኑ ጽፈው አወጡ። በሽታው ስም አልነበረውም። ስለዚህ «ኤ ያልሆነ፣ ቢ ያልሆነ» ሄፓታይተስ ተባለ። አባቱ ያልታወቀ ልጅን «የእገሌም ያልሆነ፣ የእንትናም ያልሆነ» እያሉ እንደመጥራት ነው። እንዲህ እየተባለ 14 ዓመት ኖረ።

በማይክሮስኮፕ ፈለጉት፣ አልታይ አለ። ላቦራቶሪ ውስጥ ሊያራቡት ሞከሩ፣ አልራባ አለ። በመጨረሻ ካሊፎርኒያ ይገኝ በነበረው ካይረን በተባለ ኩባንያ ውስጥ ማይክል ሃውተን፣ ኩይ-ሊም ቹ እና ጆርጅ ኩዎ ከመንግሥት ተመራማሪው ዳንኤል ብራድሊ ጋር ሆነው በሌላ በር ገቡ። በሽታው ካለበት ቺምፓንዚ ደም ውስጥ ያለውን የዘር ቁስ በሙሉ ወሰዱ፤ የቺምፓንዚው ይሁን የቫይረሱ አልለዩትም። በትንንሹ እየቆራረጡ ባክቴሪያ ውስጥ አስገቡት። ባክቴሪያዎቹ ከየቁራጩ ፕሮቲን ሠሩ። ከዚያ በበሽታው ከተያዘ ሰው ደም የወጣ ፈሳሽ አመጡ። ውስጡ አንቲቦዲ አለ ብለው ገምተዋል። አንቲቦዲው የሚጣበቅበት ቁራጭ ከተገኘ፣ ያ ቁራጭ የቫይረሱ ነው። ከስንት ድካም በኋላ አንድ ተገኘ። በ1989 ይፋ አደረጉት፤ ሄፓታይተስ ሲ ተባለ።

ይህን ሳነብ አልጋዬ ላይ ተነሥቼ ተቀመጥኩ። ጅቡን ያገኙት በውሻው ጩኸት ነው! ቫይረሱን ማንም በዓይኑ ሳያየው፣ ጩኸቱን ተከትለው ነው ዋሻው ድረስ የሄዱት። ስለዚህ ከዚያ ግኝት መጀመሪያ የወጣው ነገር መድኃኒት አልነበረም። ጩኸቱን የሚያዳምጥ ምርመራ ነበር። ከ1990 ጀምሮ የደም ባንኮች የተለገሰውን ደም በእሱ መፈተሽ ያዙ። በደም ምክንያት የሚመጣው ሄፓታይተስ ሲ ምርመራው በተዘረጋባቸው አገሮች ጠፋ በሚባል ደረጃ ቀነሰ። ስንት ሰው እንደተረፈ አስቡት።

ግን ያ ምርመራ የተሠራው ለደም ከረጢት ነበር። ከረጢቱን ከተጠራጠርክ ትደፋዋለህ። ልክ ነህ፣ መድፋት አለብህ። ጅቡ ይኑር አይኑር ብለህ አትከራከርም። ከረጢት እናት የላትም፣ ፓስፖርት አላወጣችም፣ ለሥልጠና አልተበደረችም። እህቴ ላይ የተደረገው ልክ እንደዚያ ነው። ምርመራው አልዋሸም። ያልተጠየቀውን እንዲመልስ አደረጉት እንጂ።

(በነገራችን ላይ ሃውተን በ2013 አንድ ትልቅ የካናዳ ሽልማት ሲሰጣቸው «ቹ እና ኩዎ ካልተጨመሩ አልቀበልም» ብለው መልሰዋል። በ2020 ኖቤል ሲመጣ ግን ከኦልተርና ቻርልስ ራይስ ከሚባሉ ሌላ ተመራማሪ ጋር ተቀበሉ። ኖቤል ከሦስት ሰው በላይ አይሰጥም። አልፈርድባቸውም፤ አንዴም እምቢ ማለት ቀላል አይደለም።)

መድኃኒቱ በጣም ዘግይቶ ነው የመጣው። በፊት ኢንተርፌሮን የሚባል መርፌ ነበር። ለብዙዎች 48 ሳምንት ይወሰዳል፤ ያንቀጠቅጣል፣ ያስተክዛል፤ የሚድነው ግማሽ ያህሉ ነው። በ2013 መጨረሻ ሶፎስቡቪር የተባለው ክኒን አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ዋጋው አንዷ ፍሬ 1000 ዶላር፣ የ12 ሳምንቱ 84000 ዶላር። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ግብጽ በ2014 ተደራድራ ያንኑ መድኃኒት በ900 ዶላር አገኘችው።

የግብጽ ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ገበሬውን ከብልሃርዝያ ለማዳን በዘመቻ መርፌ ይወጋ ነበር። አንዱ በሽተኛ ደጋግሞ ይወጋል። መርፌውና ስሪንጁ ደግሞ በደንብ ሳይቀቀል ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። በዚያ መርፌ ቫይረሱ አገር ምድሩን አዳረሰ። ክፉ ሰው የለበትም፤ ለማዳን ነው የተወጉት። እኛም አገር «መርፌ ካልተወጋሁ አይሻለኝም» የሚል ሰው ስንት አለ? እማዬ ራሷ ክኒን ያዘዘላትን ሐኪም ሐኪም አትለውም። ግብጽ ግን ያበላሸችውን ራሷ አነሣች። በ2018 እና በ2019 በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 50 ሚሊዮን ሰው መረመረች። የተያዘውንም በነፃ አከመች።

ብልሃርዝያን ካነሣሁ አክሊሉ ለማን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በ1964 አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች፣ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት ሰው ናቸው። ያኛው አገር በሽታውን በመርፌ ሲያሳድድ እሳቸው ወንዙን አዩ። ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዚህ ሥራቸው በዓለም የተሸለሙት ደግሞ ሄፓታይተስ ሲ በተገኘበት በ1989 ነው። ዝምድና የለውም፤ መገጣጠሙ ገርሞኝ ነው።

እንጥል

ውጤቱ መጣ። «ታርጌት ኖት ዲቴክትድ» ይላል። ዶክተሯ ፈገግ አሉ። «የለም» አሉ።

«ሄዷል ማለት ነው?» አለች እማዬ።

«ወይ ሄዷል፣ ወይ ከመጀመሪያውም አልመጣም። ለእሷ ሁለቱም አንድ ነው፣ ጤነኛ ናት። ግን እንደ ኩፍኝ አንዴ ይዞኛልና አይመለስም አይባልም። በደም ከመጣ እንደገና ይይዛል።»

እማዬ እዚያው ወንበሩ ላይ እልል ልትል ነበር፤ አፏን በእጄ ያዝኳት። አዲሱን ወረቀት ይዘን በቀጥታ ኤጀንሲው ጋ ሄድን። ልጁ አየው። ከልቡ ያዘነ ይመስለኛል። «ይገባኛል» አለ። «ግን እነሱ የሚያዩት የመጀመሪያውን ነው። ሪአክቲቭ ካለ አለ። ነገም ብትመረመር ያው ነው የሚወጣው።» ልክ ነው። ዕድሜ ልክ ያው ነው የሚወጣው። ውሻው ዝም አይልም። እህቴ አልሄደችም። አሁን መርካቶ አንድ ሱቅ ውስጥ ልብስ ትሸጣለች። የሥልጠናውን ብድር ከፍላ የጨረሰችው ባለፈው መስከረም ነው። «እግዜር ለበጎ ነው» የሚሏት ጎረቤቶች አሉ። እሷ አትመልስላቸውም።

ከዶክተሯ ቢሮ ስንወጣ እኔ የመጨረሻው ነበርኩ። በሩ ጋ ጠሩኝ። «እንጥሏን የት ነው የተቆረጠችው?»

«አያቴ አገር። ሦስት ዓመቷ ነበር።»

«አንተስ?»

እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ያው ቀን፣ ያው ቤት፣ ያው ሴትዮ። አያቴ ሁለታችንንም ይዛን ሄዳ ነበር። ብረቷ ጫፏ ቆልመም ያለች ናት። አሁንም ትታየኛለች። ሴትዮዋ መጀመሪያ የእኔን ቆረጡ። ብረቷን በጨርቅ ጠረግ አደረጓት። ከዚያ እህቴን «ነይ የኔ እናት» አሏት።

ነገሩ ይኸው ነው። ሲኒዋን በረኪና ውስጥ የነከርኩት እኔ ነኝ። እኔን ግን ማን መረመረኝ? ማንም። የመረመራት ልትሄድ ስለሆነ ነው። እኔ የምሄድበት ስለሌለኝ ንጹሕ ነበርኩ። ቅደም ተከተሉን ካየነው ደግሞ ከእኔ ወደ እሷ ነው ብረቷ የሄደችው እንጂ ከእሷ ወደ እኔ አይደለም። ይህን እያወቅሁ ለመመርመር ስምንት ወር ፈጀብኝ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልን ነው ያደግነው። እኔ ግን ከራሴም ደብቄ ነበር።

ከመሄዴ በፊት በነበረው እሑድ ለእህቴ ነገርኳት። ሲኒውን ማለቴ ነው። ልብስ እያጠፈች ነበር። እጇን እንኳን አላቆመችም።

«አውቃለሁ» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?»

«እማዬ ብትሆን ሲኒውን ትሰብረው ነበር። በረኪና ያንተ ነው።»

ማክሰኞ ሄጄ ደም ሰጠሁ። ሐሙስ ወረቀቱን ይዤ ገባሁ። እማዬ ቡና እየቆላች ነው። እህቴ ወረቀቱን ከእጄ ነጠቀችኝና ጮክ ብላ አነበበችው። «ኖን-ሪአክቲቭ!» ከዚያ አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ እኔን አየች።

«አንተማ ፊት ነህ» አለች። «በል ዱባይ ሂድልን።»

ቡናው ሲፈላ ቀዳችልኝ። ጠርዙ በተሸረፈው ሲኒ ነው። ከመስጠቷ በፊት አንዴ አሸተተችው።